የገብስ አገር ክረምት

በሰኔ ወር መጨረሻ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሕፃናት ደብተራቸውን ወደ ጥግ ሲጥሉ፥ በብዙ ክርስቲያን ቤት አንድ አሳብ ይነሣል፤ ይኸውም እነዚህን ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ምን አብልተን በምን እናውላቸው የሚል ነው። በእኛም ቤት ይህ አሳብ በየዓመቱ ሲነሣ ኖሯል። ካቻምና ለዚህ የሰጠነው መልስ ጥሩ አልነበረም። የባልንጀሮቻችን ልጆች ሐይቅ ዳር ሄደው መጡ ቢባል፥ እኛም ከሰው እንዳናንስ ብለን ገንዘብ ተበድረን፥ ሦስቱን ልጆች ይዘን ወደ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ወረድን። ሁለት ሌሊት አድረን ተመለስን። ብድሩን ከፍለን የጨረስነው በጥር ወር ነው። ታናሺቱ ልጅ ከዚያ ጉዞ የምታስታውሰው በምግብ ቤቱ ወንበር ሥር ትተኛ የነበረችውን ድመት ብቻ ነው፤ ድመት ደግሞ በቤታችን አለች።

አምና ግን የልጆቹ እናት፥ ‹‹ሲናና እኅቴ ዘንድ እንሂድ፤ ኑ እያለች ስትጠራን ስንት ዘመኗ ነው›› አለች። እኛ በመጀመሪያ እሺ አላልንም። አንደኛ፥ በክረምት ሕፃናት ይዞ ወደ ባሌ ደጋ መውጣት ብርድ ሸምቶ መመለስ መሰለን፤ ሁለተኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ባዶ እጃችንን ከዘመድ ደጅ መድረሱን አፈርን። እርሷ ግን፥ ‹‹እኅቴ የናፈቃት እኛን እንጂ የምንይዘውን አይደለም›› ብላ ዳቦ ቆሎዋን መጥበስ ጀመረች። እኛም ጥቂት ስኳርና ዘይት ገዝተን ዝም አልን።

በሐምሌ አቦ ማግሥት ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣን። እስከ ሮቤ ድረስ መንገዱ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማንና አሰላን አልፎ፥ የበቆጂን ብርድ ተሻግሮ፥ ወደ ዶዶላና ወደ አዳባ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ ዲንሾ ይወጣል። ከሕፃናት ጋር ይህን ያህል መጓዝ ቀላል ነው አንልም። መካከለኛው ልጅ አስመለሰው። ታናሺቱም ከአሰላ ጀምራ ‹‹ደረስን ወይ?›› እያለች ብታስቸግር፥ በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ዘወር ብሎ ይመልስላት ጀመር።

ዲንሾ ከመድረሳችን በፊት ባለው በጋይሳይ ሜዳ ግን የመንገዱ ድካም ተረሳ። የደጋ አጋዘን መንጋ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ በጉም ውስጥ ቆሞ ይግጥ ነበር። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ገደምሳ እያለ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው፥ የአውሮፓ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው የመዘገቡት ገና በ1910 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ታላቂቱ ልጅ ዘጠኝ ቆጠረች፤ መካከለኛው አሥራ አንድ ነው ብሎ ተከራከራት። ክርክሩ እስከ ሮቤ አላለቀም። ለዚህ ሁሉ ትርኢት ከአውቶቡሱ ዋጋ በላይ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም።

ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሰፊው የሲናና ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቀድሞ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መዲና የነበረችው ጎባ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከተራራው ሥር ትገኛለች። የእኅታችን ቤት ከሮቤ ወጣ ብሎ በገበሬዎች መንደር ነው። ማለዳ ተነሥተን በደጅ ስንቆም እስከ ዓይናችን መድረሻ ያየነው ገብስና ስንዴ ነው። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማእከልም ከጥንት ጀምሮ የሚደክመው በእነዚሁ በብርዕና በአገዳ ሰብሎች፥ በባቄላና በአተርም ላይ ነው።

ለሸዋ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ነገር፥ በዚህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ መዘራቱና ሁለት ጊዜ መታጨዱ ነው። አንደኛው በመጋቢት ግድም ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል፤ ሁለተኛው በነሐሴ ተዘርቶ ከኅዳር በኋላ ይታጨዳል። የመጀመሪያውን ‹‹ገና››፥ ሁለተኛውን ‹‹ቦና›› ይሉታል፤ በኦሮምኛ ገና ማለት ክረምት፥ ቦና ማለት በጋ ነውና፥ ስያሜው የተሰጠው አዝመራው በሚታጨድበት ወራት ነው። መካከለኛው ልጃችን ‹‹ገና ደረሰ›› ሲሉ ሰምቶ የልደት በዓል መስሎት ልብሱን ሊቀይር ሮጧል። እንግዲህ በሌላው አገር ገበሬው እህሉ አልቆበት በሚጨነቅበት በሐምሌ፥ በሲናና እሸት ይበላል። ልጆችን ይዞ ለመምጣት ከዚህ የሚሻል ወራት እንደሌለ የተረዳነው በዚያን ጊዜ ነው።

የሕፃናቱ ምግብ እንዲህ ነበር። ጠዋት የገብስ ገንፎ ወይም ቂጣ ከአሬራ ጋር ይቀርባል፤ እኅታችን አንዲት የምትታለብ ላም አለቻት። ቀትር ላይ ከእርሻው የተቀጠፈ የገብስ እሸት በእሳት ተለብልቦ፥ በመዳፍ ታሽቶ፥ ገለባው በትንፋሽ እፍ ተብሎ ይበላል። ይህን ማሸትና እፍ ማለት ልጆቹ ራሳቸው ስለሚሠሩት፥ ምግቡ ጨዋታ፥ ጨዋታውም ምግብ ሆነላቸው። በከተማ ‹‹አልበላም›› እያለች እናቷን በጉርሻ የምታስለምን ታናሺቱ፥ ፊቷ ጥላሸት መስሎ ሁለተኛ ዘለላ ስትለምን አየናት። ማታ ድንች ተቀቅሎ፥ ወይም ስንዴና ባቄላ ባንድነት ንፍሮ ሆኖ፥ በጎመንና በሽሮ ይቀርባል። የእህልና የጥራጥሬ ዘር አብሮ መብላት የድኻ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ገብስና ስንዴ የሚያንሳቸውን ሥጋ ገንቢ ነገር ባቄላና አተር እንደሚሞሉት የዛሬዎቹ የጤና ሊቃውንትም ያስተምራሉ። እናቶቻችን ግን ንፍሮውን የቀላቀሉት ትምህርቱ ከመምጣቱ በፊት ነው።

በአንዲት ማታ ገበታ ላይ ሳለን ታላቂቱ ልጅ፥ ‹‹ጌታ ያበረከተው የዚያ ልጅ አምስት እንጀራ የገብስ አልነበረም እንዴ?›› ብላ ጠየቀች። በእርግጥም በወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ተጻፈው የገብስ ነበር። እኛ ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብበነዋል፤ እንጀራው የምን እህል እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን ቆም ብለን አላሰብንም ነበር።

በውሎ በኩል ዋናው ሀብት ጭቃ ነው። የሲናና መሬት ጥቁርና የሚያጣብቅ ስለ ሆነ፥ ጫማ ሲያስጥል ለአዋቂ መከራ ነው፤ ለልጅ ግን ከገበያ የማይገኝ አሻንጉሊት ነው። የመንደሩ ልጆች በሬ፥ ፈረስና ሞፈር ከነቀንበሩ ሠርተው በምድጃ ዳር ያደርቃሉ። የእኛ ልጅ በሬ በመጀመሪያው ቀን ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። አንድ እረኛ ልጅ ሳቀና ጭቃውን ከደቀቀ ጭድ ጋር እንዲያቦካው አሳየው፤ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋልና። ቤት ለመምረግም ጭቃ ከጭድ ጋር የሚቦካው ስለዚሁ እንደ ሆነ ልጁ ራሱ ደርሶበት ነገረን። ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብናስተምረው ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብን ነበር እያልን ተገረምን፤ በሙያችንም ትንሽ አፈርን። ዝናብ ሲጥል በምድጃ ዙሪያ እንቆቅልሽና ተረት፥ ሲያባራ ቅልብልቦሽ፥ ፀሐይ ስትወጣም የአጎታቸው ፈረስ ነበረ፤ ባሌ የፈረስ አገር ነውና። የከለከልናቸው የሻያን ወንዝ ብቻ ነው። በበጋ ሕፃን የሚሻገረው ወንዝ በነሐሴ በሬ ይወስዳል፤ በዚህ ነገር ልመናም ለቅሶም አልሰማንም።

ወደ ጎባ አንድ የገበያ ቀን ወርደን ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን፥ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈውን፥ የቀይ ቀበሮ አገር የሆነውን የሳነቴን አምባ ግን አላየንም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው ይባላል፤ የአራት ዓመት ሕፃን አዝሎ በነሐሴ ብርድ ወደዚያ መውጣት ግን የእኛ ነገር አልሆነም። ከጎባ ሆነን ደመናውን ተመልክተን ተመለስን።

ጾመ ፍልሰታ ሲገባ መካከለኛው ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበርና፥ ከእኅቱ ጋር እጾማለሁ አለ። እናቱ ሰውነቱ ቀጭን ነው ብላ ፈራች፤ እኛ ደግሞ በልባችን ደስ አለን። በአራተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ፥ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አረጋዊት እስላም እናት፥ ልጆቹ በኦሮምኛ ‹‹አኮ›› ማለት አያቴ እያሉ የሚጠሯቸው፥ በእንጨት ሳሕን ጭኮ ይዘው መጡ። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በነጠረ ቅቤ የተለወሰ፥ የአርሲና የባሌ ሰው ለሚወደው እንግዳ የሚያቀርበው ምግብ ነው። የክርስቲያኑን ጾም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሕፃኑም ይጾማል ብለው አልገመቱም።

ልጁ ሳሕኑን አየ፤ ከዚያ እኛን አየ። እኛም ምን እንደምንለው ጠፋንና ዝም አልን። ታናሺቱ በሁለት እጇ እየዛቀች፥ ‹‹በጣም ይጣፍጣል›› ትለው ጀመር። ልጁ በመጨረሻ፥ ‹‹አኮ፥ ለፍልሰታ ፍቺ ያስቀምጡልኝ›› ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ጥቂት ቆይተን ብንከተለው ከገለባው ክምር ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘነው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ደስ ያለን በልጁ ጾም ነው ወይስ፥ ሐይቅ ዳር እንደወሰደን ምኞት፥ በሰው ፊት የጿሚ ልጅ አባት በመባል? ይህን ጥያቄ ለራሳችን በቀና ልብ ለመመለስ አልቻልንም። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያውን ካህን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ ‹‹እስከ 6 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ቆሎውንም በሶውንም ይብላ፤ ጾምን ሲያድግ በልቅሶ እንዲያስታውሳት አታድርጉ›› አሉን። እንደ ቃላቸው አደረግን። በሶ የሚሆነው ገብስ ተቆልቶ፥ ተፈትጎና ተፈጭቶ በውኃና በጥቂት ጨው ወይም በስኳር ሲበጠበጥ ነውና፥ አፈታተጉን ልጁ ራሱ ከአክስቱ ተማረ። ከዚያች ቀን በኋላ አኮ በየሁለት ቀኑ ቅቤ ያልነካው የተፈተገ ቆሎ ይልኩለት ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም።

ማታ ማታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እያነበብን ልጆቹ ተሰጥዎውን ይመልሱ ነበር። ለቡሄ አጎታቸው ከቃጫ ጅራፍ ገመደላቸው፤ እናታቸውና አክስታቸው ሙልሙል ጋገሩ። ጅራፉ በታቦር ተራራ የተሰማውን ድምፅ፥ ችቦው ብርሃኑን እንደሚያመለክት ስናስረዳ፥ ታናሺቱ፥ ‹‹ሙልሙሉስ?›› አለች። እረኞቹ በዚያ ብርሃን ቀን መስሏቸው ሲቆዩ ወላጆቻቸው ያመጡላቸው ምግብ ነው የሚለውን የአበው ትውፊት ነገርናት፤ እርሷም እየገመጠች ሰማችን።

በነሐሴ 16 ቀን፥ ጾሙ ሲፈታ፥ አኮ ሳሕኑን ይዘው መጡ። ጭኮ ሳይበላሽ ለብዙ ጊዜ የሚቆይ የመንገድ ስንቅ ስለ ሆነ፥ የልጁን ድርሻ ከዚያች ቀን ጀምረው ከድነው አስቀምጠውለት ነበር። ልጁ መጀመሪያ ለእርሳቸው አጎረሰ፤ ሁለተኛውን ለታናሽ እኅቱ። ከዚያ በኋላ ለማንም አላካፈለም።

በጳጉሜን 3 ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፥ ዝናቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘገየ። በመጣ ጊዜ ግን የመንደሩ ልጅ ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። እኛ በጣራው ጠፈጠፍ ሥር ቆመን እንመለከት ነበር፤ መካከለኛው ልጅ ግን እጃችንን ይዞ ጎተተን። በባሌ ዝናብ መጠመቅ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነው ሰው እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ መናገር አያስፈልግም፤ ከምድጃው ዳር ሆነን ሁላችንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ አጥሚት ጠጣን። በእነዚህ ሳምንታት ከሮቤ ገበያ የገዛነው ጨው፥ ዘይት፥ ጥቂት ስኳርና ለታናሺቱ አንድ የዝናብ ጫማ ነው።

በማግሥቱ ተመለስን። በጋይሳይ አጋዘኖቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ልጆች ተስማሙ። የጭቃው በሬ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ በእቅፏ ነበር፤ በበቆጂ ቁልቁለት አንድ ቀንዱ ተሰበረ፤ ልጁ ግን አልጣለውም። ዛሬ ይህን ስንጽፍ ከጠረጴዛችን በላይ ባለው መደርደሪያ፥ ከዳዊቱ አጠገብ ቆሟል።