ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ፦ ካሜራ ይዞ መጓዝ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት ድርጅት በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «የኢንቺስ ቤቶች» ለማለት የሚነገረው ጣሊያንኛ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ከዚህ አሮጌ ሰፈር ብዙው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ተነሣ። የሚገርመው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ ተከፈተ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስታወት ሥዕልም ዛሬ በቦታው ይታያል።

በዚያ ሰሞን በየቅያሱ ካሜራ ያነገቱ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ያደጉበትን በር፣ የጋራ ቧንቧውን፣ ግድግዳው ላይ የቁመታቸው ምልክት የተሰመረበትን ቦታ ሳይቀር ያነሡ ነበር። ካሜራ ቢሰረቅ ገንዘብ ሲገኝ ይተካል። ያ በር ግን ከእንግዲህ ፎቶ አይነሣም።

ከካዛንቺስ በኡራኤል በኩል ቦሌ ቅርብ ነው። ጣጣው ግን ከቤት ይጀምራል። እናት ሽሮና በርበሬ፣ አክስት ዳቦ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ «ይሄ እንዳይፈስ በእጅሽ ያዥው» ይባላል፤ ካሜራው ወደ ትልቁ ሻንጣ ይወርዳል። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ መገልበጥ አለበት። በርበሬው ይጫን፣ ካሜራው ከትከሻ አይውረድ። ዘመዶች ቢቀየሙም እንኳ!

ምክንያቱም ዚፕ ያለው ሻንጣ ቁልፍ ቢኖረውም በእስክሪብቶ ጫፍ ይከፈታል፤ ዚፑን መልሶ ሲጎትቱት ምልክቱም አይታይም። ብዙ አየር መንገዶችም ካሜራ፣ ወርቅና ገንዘብ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ እንዳይቀመጥ በውላቸው ላይ ጽፈዋል። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ለሻንጣ የሚከፈለው ካሳ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቢበዛ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር የሚባል የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ያውም የጠፋው ነገር በማስረጃ ሲረጋገጥ! ስለዚህ ደረሰኙንና የካሜራውን መለያ ቁጥር ጽፎ ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል። ሻንጣው ተጎድቶ ከተገኘ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ማስመዝገብ፣ በ7 ቀን ውስጥም በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር ቶሎ ይሞላዋል። መቆሚያው ከልብስ ጋር ይጫን፤ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ግን በእሳት አደጋ ምክንያት ለጭነት ስለማይፈቀዱ ከእጅ አይለዩም።

በፍተሻው ማሽን ላይ፣ ከፊት ያለው ሰው አልፎ ተራዎ እስኪደርስ ቦርሳውን አይልቀቁት። እርስዎ ጫማ ሲያወልቁ እሱ በወዲያኛው በኩል ብቻውን ወጥቶ ይቆያል። አውሮፕላን ውስጥም ከራስ በላይ ካለው መደርደሪያ ይልቅ ከፊት ወንበር ሥር ማድረግ ይሻላል፤ በሌሊት በረራ ሁሉም ሲተኛ መደርደሪያውን ማን እንደከፈተ አይታወቅም።

አንዲት እዚያው ሰፈር ያደገች እህት ወደ አሜሪካ ስትመለስ ሚዛኑ 9 ኪሎ አሳየ፤ ቦርሳው ለጭነት ይሰጥ ተባለች። እሷም አልተከራከረችም። ካሜራውን አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፣ ሌንሶቹን በካፖርቷ ኪሶች ከተተች፣ ባዶውን ቦርሳ ሰጠች። ሚሞሪ ካርዱማ ከመጀመሪያውም ከፓስፖርቷ ጋር ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ደግሞ ፎቶዎቹን ሁሉ በፍላሽ ገልብጣ እኛ ቤት ትታ ነበር። አሁን ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ጎረቤቶች እየመጡ የበራቸውን ፎቶ ያሳጥባሉ። አንዲት እናት የወሰዱት የቧንቧውን ነው።