ወንድም ዓለም፣ በሶው ተፈጭቷል

ወንድም ዓለም፣ እማ ዛሬም ገብስ ቆላች። ሽታው ከጓዳ ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው አንተ ከትምህርት ቤት የተመለስክ መሰለኝ። ክረምቱ ገብቷል። ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱን አያሳይም። ቦርከና ደፍርሶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አንተም በዚያው ወረድክ። ውኃው እንኳ መድረሻው ይታወቃል፤ ሄዶ ሄዶ አዋሽ ይገባል።

ኅዳር 2010 ነበር። ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቻለሁ ብለህ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድክ። እማ ግንባርህን ሳመችና «እግዜር ይከተልህ» አለች። ስንቅ አልቋጠረችልህም። ኮምቦልቻ ምን ስንቅ ይፈልጋል? ለካስ ልብህ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠለው መንገድ ሄዶ ኖሯል። ባቲ፣ ሚሌ፣ የጅቡቲ አሸዋ፣ ከዚያ ባሕር። ባቲን እኛ የምናውቃት በሰኞ ገበያዋ ነበር። ባቲም ቅኝት፣ አምባሰልም ቅኝት፤ አገራችን የዜማዋን ስም ከገዛ ቀዬዋ ለምን እንዳወጣችው የገባኝ አንተ ከሄድክ ወዲህ ነው።

ከኦቦክ ደወልክ። «ነገ ማታ እንሻገራለን። እማን በሶ ፍጪልኝ ብሏል በያት» አልክ። ሳቅህን ሰማሁት። መስመሩ ተቋረጠ።

ይኸው እስከ ዛሬ ትፈጫለች። ሰፈሩ ሁሉ እህሉን በኤሌክትሪክ ወፍጮ ያስፈጫል፤ እሷ ግን ያንተን በሶ በድንጋዩ ካልሆነ አትፈጨውም። ሌሊት ትነሳለች። መጁን ይዛ ትጎነበሳለች፣ ትገፋለች፣ ትስባለች፤ ከትንፋሿ ጋር እንጉርጉሮ ይወጣል፣ ቃል የለውም። አንድ ሌሊት «እማ፣ አይበቃሽም?» ብላት «አባ ጊዮርጊስ ስንት ዓመት ፈጨ?» አለችኝ።

ትዝ ይልህ እንደሆን ታሪኩን የነገረችን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ገድሉን ከእናቷ አፍ ነው የሰማችው። ከኛ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ወደዚያ ገዳም፣ እነሱ ካለፉ በኋላ፣ አንድ ካህን ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ ጊዮርጊስ ነበር፤ በኋላ ዘጋስጫ የተባለው፣ የኛው የወሎ ልጅ። ትምህርት አልገባው አለ። ሰባት ዓመት። ጓደኞቹ ቀለሙን አልፈውት ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ፤ ሳቁበት። መምህሩ ቢመልሱት አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልወስድም፣ እዚያው ያገልግል አለ። ወፍጮ ላይ ዋለ። ለተማሪ እየፈጨ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ።

ከዚያ ጽዋው መጣ። እመቤታችን ተገለጠችለት፣ ጽዋዐ ልቡናን ጠጣ፣ ያ ድንጋይ የተባለ አእምሮ ተከፈተ። መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ፣ አርጋኖንን ጻፈ፣ ሰዓታትን ደረሰ። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ሌሊት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ሰዓታት የዚያ ወፍጮ ፈጪ ልጅ ድርሰት ነው። ጽዋውን ከጠጣ በኋላ መከራው ቀረለት እንዳትል፤ ተከሶ እስር ቤት ገብቷል።

በዓውደ ምሕረት የሚነገረን ሁልጊዜ ስለ ጽዋው ነው። ልክ ነው፣ ደስ ይላል። የኔ ልብ ግን ወፍጮው ላይ ይቀራል። ሲፈጭ ጽዋ እንደሚመጣለት አላወቀም። እኛ እናውቃለን፤ መጨረሻውን ሰምተን ነው መጀመሪያውን የምናዳምጠው። በአራተኛው ዓመት፣ በአንዱ ተራ ማክሰኞ፣ ክንዱ ዝሎ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ሲያርፍ፣ ነገም ያው ድንጋይ እንደሚጠብቀው ሲያውቅ፣ ያን ቀን ምን ብሎ ጸለየ? ያን ጸሎት የጻፈው የለም። እኔ እሱን ነው የምፈልገው፣ ወንድም ዓለም። የእማ እንጉርጉሮ ቃል የሌለው ለዚያ ይሆን?

በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ከተማው በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ጎረፈ። ኮምቦልቻም አልቀረላትም። እማን እጇን ይዤ ጎተትኳት። «ልጄ ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል?» ብላ እጇን ቀማችኝ። ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ጥያት ሄድኩ። ይህን ላንተ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። አብሯት የቀረችው ጎረቤታችን ናት፤ በረመዳን ማታ ማታ ሾርባ የምታጠጣህ። «አንቺ ከቀረሽ እኔ ወዴት እሄዳለሁ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጓዳ ከረሙ፤ አንዷ በሶላቷ፣ አንዷ በውዳሴ ማርያሟ፣ ሁለቱም ያንተን ስም ይጠሩ ነበር። ጦርነቱ ከተማውን ከለቀቀበት ከኅዳር 27 በኋላ ስመለስ ጎረቤታችን የነገረችኝ ስለ ተኩሱ አልነበረም። «እናትሽ ተኩሱ ሲበረታ ወፍጮ ትይዝ ነበር» አለችኝ። ገብሱ ሲያልቅ ባዶውን ድንጋይ ገፋችው አለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ እማ የአባ ጊዮርጊስን ሰባት ዓመት ትቆጥር ነበር። አፍ አውጥታ አትልም እንጂ ጣቷን አይ ነበር። ኅዳር 2017 ሲደርስ ቤቱን አስለቀለቀች፣ ፍራሽህን ፀሐይ አሰጣች። ኅዳር ወጣ። ታኅሣሥ ወጣ። በሩን የመታው ሁሉ ሌላ ሰው ነበር። ዘመዶች ተሰብስበው መጡ፤ ክፉ አስበው አይደለም። «ይብቃሽ፣ እርምሽን አውጪ፣ ተዝካሩን እናውጣለት» አሏት። ቡና አፈላችላቸው፣ እስከ በረካ አጠጣቻቸው፣ ሸኘቻቸው። ያን ሌሊት ወፍጮው አልተሰማም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አደርኩ። ለእሷ የፈራሁትን ያህል ለራሴ ፈራሁ፤ እሷ ካቆመች እኔ በምን እጠብቅሃለሁ?

በማግስቱ ሌሊት መጁ ተሰማ። ስምንተኛው ዓመት ገባ።

ባለፈው ሐምሌ 7፣ በአባ ጊዮርጊስ ዕረፍት ቀን፣ በሶውን በከረጢት ቋጥራ ወደ ሐይቅ ላከችኝ። ጉልበቷ መንገዱን አይችለውም። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ መከልከያው ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሐይቁ ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል። ከዚያ ዛፍ ጀርባ ነው የፈጨው፣ እኔም ከዚህ አላልፍም አልኩ በሆዴ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጡ፣ ተሳለምኩ፣ ከረጢቱን ሰጠኋቸው።

«የማን ስም ይነሳ፣ ልጄ?»

ክርስትና ስምህን ነገርኳቸው። ከቀሚሳቸው ስር ትንሽ ደብተር አወጡ። ገለጡና እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ካሉት ነው ካረፉት?»

አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ሐይቁን አየሁ። ኦቦክ ላይ ያየኸው ባሕር እንዲህ ሰፊ ነበር ወይ? መነኩሴው አልቸኮሉም። ዝናቡ ቆባቸውን እያራሰው ቆሙ።

«አባቴ፣ እናቱ በሶ ትፈጭለታለች» አልኩ። ሌላ መልስ የለኝም።

ከረጢቱን በመዳፋቸው መዘኑት። ፈታ አድርገው ቆንጠር አሉና ወደ አፋቸው አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉ። በየትኛው ገጽ እንደጻፉት ዝናቡ ይሁን እንባዬ አላሳየኝም፤ ልጠይቅም አልደፈርኩ።

ማታ ስገባ እማ ደጅ ተቀምጣ ነበር። «ተቀበሉልኝ?» አለች። «ቀምሰውታል፣ እማ» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ጨው አላነሰውም?» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ገብሱን ስትለቅም ሰማኋት።