የኮርች ዘመድ በሆኖሉሉ

ካልሲ ውስጥ ደብቄ ነው ያሻገርኩት። እናቴ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝን የጤና አዳምና የበሶብላ ዘር። «ለእህትህ ስጣት፣ ደጇ ላይ ትዝራው፤ ቡና ስታፈላ ታስበኛለች» ብላኛለች። እህቴ ሃዋይ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። እናቴ ሰማንያን አልፋለች፤ እዚያ ድረስ ትሄዳለች ተብሎ አይታሰብም። በእርሷ ፋንታ የሚሄደው ዘሩ ነበር።

ዋሽንግተን ላይ «የምግብ ነገር ይዘሃል?» ስባል ቡናና በርበሬ ብዬ አለፍኩ። ወደ ሃዋይ በሚበረው አውሮፕላን ውስጥ ግን አስተናጋጆቹ አንዲት ቅጽ አደሉን። ዘር ይዘዋል? ችግኝ? ፍራፍሬ? አፈር? እንስሳ? ትላለች። ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ይባላል! «ዓለም በሙሉ በሚገባበት አገር የእናቴ እፍኝ ዘር ነው የሚያሰጋቸው?» ብዬ፣ «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ልዋሽ አልችልም።

እህቴ ቋጠሮውን ስትፈታ መጀመሪያ ያደረገችው ማሽተት ነው። ከዚያ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ልጇ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ፣ አንዴ እናቷን አንዴ እኔን ታያለች። ቋጠሮው የማብሰያ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ቅዳሜ ከሰዓት የአበባ ማሰሮና አፈር ገዝተን ልንተክለው ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጅቱ «ለአጎቴ የማሳየው ዛፍ አለ» አለች።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከሆኖሉሉ መሀል ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ሄደን ኮኮ የሚባል ቦታ ደረስን። ኮኮ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ውሃ የሞላበትን ዓይነት ጎድጓዳ አስቡት፤ እዚህ ውሃ የለውም፣ ደረቅ ነው፣ ውስጡ በሙሉ ዛፍ ተተክሎበት የከተማው የዕፅዋት ማዕከል ሆኗል። መግቢያው በነፃ ነው። በውጭ በኩል ጎረምሶች ጎህ ሲቀድ የሚወጡት ከሺህ በላይ ደረጃ ያለው የድሮ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ቱሪስቱ በብዛት የሚሄደው ወደዚያ ነው። በውስጥ በኩል ያለው የእግር መንገድ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሰው ብዙም አይበዛበትም።

በር ላይ የሚቀበላችሁ ፕሉሜሪያ ነው፤ ፊልም ላይ የሃዋይ እንግዶች አንገት ላይ የሚጠለቀው የአበባ ጉንጉን የሚሠራበት። እኔ የአገሩ ምልክት መስሎኝ ፎቶ ለማንሳት ስቸኩል ልጅቱ «ይህ እኮ የእኛ አይደለም፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣ ነው» አለችኝ። «የእኛ» ያለችው ሃዋይን ነው። እናቷ ሰምታ ፈገግ አለች። ለነገሩ ቱሪስት የሃዋይ ናቸው ብሎ ፎቶ የሚያነሳቸው አበቦች አብዛኞቹ መጤ ናቸው። ደሴቶቹ ከቅርቡ አህጉር ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት እዚያ የሚደርስ ዘር በነፋስ፣ በወፍ ወይም በማዕበል የመጣ ብቻ ነበር። ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ግን የደረሰው ሁሉ ተለውጦ የራሱ ዓይነት ሆነ። ተወላጅ ከሆኑት የአበባ ዕፅዋት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሌላ የትም አገር አይበቅሉም።

ወደ ጎድጓዳው ውስጥ በገባን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሳሩ እየደረቀ ሄደ። ከዚያ መንገዱ ሲታጠፍ ቆምኩ። ቅጠል የሌለው፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ የተጣመመ ዛፍ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ የብርቱካን ቀለም ያለው አበባ እንደ ጥፍር ተቆልምሞ ወጥቷል።

«ኮርች!» አልኩ።

«ዊሊዊሊ» አለች ልጅቱ።

ሁለታችንም ልክ ነበርን ማለት ይቻላል። ዊሊዊሊ በሃዋይ ብቻ የሚገኝ የኮርች ዘመድ ነው። በእኛ አገር ኮርች፣ በኦሮምኛ ወለንሱ የምንለው፣ አጥር የሚሆነው፣ ግንዱን ቆርጠው ቢተክሉት የሚጸድቀው፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ የሚነደው ዛፍና ይህኛው የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። አያቴ ግቢ ውስጥ እኔና እህቴ የወጣንበት፣ እሾሁ የቧጠጠን ኮርች ነበር። እህቴም ወደ ግንዱ ጠጋ ብላ ጥቃቅኑን እሾህ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ወንድምጋሼ፣ አየኸው?» አለችኝ። እዚህ አገር ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር ይህንን ዛፍ ቀረብ ብላ አይታው አታውቅም። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ።

ዊሊዊሊ በበጋው ድርቅ ቅጠሉን ይጥልና በክረምት መባቻ ያብባል። ከኮርቻችን የሚለየው በቀለሙ ነው። አንዱ ዛፍ ብርቱካናማ፣ ጎረቤቱ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ፣ አንዳንዱም ፈዘዝ ያለ ሎሚ አረንጓዴ ነው፤ በአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ማየት ይቻላል። እንጨቱ ከቡሽ ብዙም አይከብድም። የጥንት ሃዋይያውያን የመረብ ማንሳፈፊያ፣ ጀልባ እንዳይገለበጥ ከጎን የሚታሰረውን ተንሳፋፊ ግንድ፣ መኳንንቱ በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱባቸውን ረጃጅም ሳንቃዎች የሚሠሩት ከእርሱ ነበር። ዊሊዊሊ ሲያብብ ሻርክ ይናከሳል የሚል አባባልም አላቸው፤ ዛፉ ሲያብብ ባሕሩን ተጠንቀቅ እንደማለት።

ከአበባው ይልቅ ዓይኔን የያዘው ግን በመካከላቸው የቆሙት ነገሮች ናቸው። ግራጫ፣ የደረቁ፣ ቅርንጫፋቸው የተሰበረ ግንዶች። «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ አማርኛው ሲያጥራት በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ እናቷም እየተረጎመች ነገረችኝ። «አንተ» እያለች ነው የምታወራኝ፤ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ውቅያኖሱን አልተሻገረም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ሆኖሉሉ ውስጥ፣ አንዲት ተርብ ተገኘች። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሰው አትነድፍም። እንቁላሏን የምትጥለው በኮርች ወገን ለጋ ቅጠልና ቀንበጥ ውስጥ ነው። ትሎቹ ሲፈለፈሉ ቅጠሉ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ እንደ ኪንታሮት በእባጭ ይሞላል። ዛፉ ቅጠሉን ጥሎ ሌላ ያወጣል፤ ተርቧ ያንንም ትይዘዋለች። ጉልበቱ ሲያልቅ ይደርቃል። በወራት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች በሙሉ አዳረሰች። ለነፋስ መከላከያ የተተከሉት የውጭ አገር ኮርቾች በሺህ ተቆረጡ፤ ዊሊዊሊውም ከየሸለቆው መሞት ጀመረ። የዕፅዋት ባለሙያዎች ዘሩ እንኳ እንዲተርፍ ብለው እየለቀሙ ማከማቸት ያዙ።

«ከየት ነው የመጣችው?» አልኩ።

«ከአፍሪካ» አለች ልጅቱ። «ከምሥራቅ አፍሪካ።»

እኔና እህቴ ተያየን። መስኮቱ ላይ ያለው ቋጠሮ ሁለታችንም ዓይን ውስጥ ነበር። ተርቧ ሁለት ውቅያኖስ በክንፏ አልተሻገረችም። የሆነ ሰው፣ በሆነ ዕቃ ውስጥ፣ ክፋት ሳያስብ ይዟት መጥቷል። ምናልባትም እርሱ «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይሆናል፤ ምናልባት የሚሞላው ቅጽም አልነበረም።

ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያሉት ኮርቾች ታዲያ ለምን አላለቁም? ጥያቄው የሃዋይ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም ጥያቄ ነበር። ተርቧ አገሯ ላይ ጠላት አላት ማለት ነው ብለው ፍለጋ ወጡ፤ ታንዛኒያ ውስጥ አገኙት። እርሱም ሌላ ተርብ ነው፤ ልጆቹ እባጩ ውስጥ ገብተው የመጀመሪያዋን ተርብ ትሎች ይበላሉ። ግን ወዲያው አልለቀቁትም። ሃዋይ አንድ ጊዜ ተቃጥላለች፦ እ.ኤ.አ. በ1883 አይጥ ያጠፋልናል ብለው በሸንኮራ እርሻ ላይ የለቀቁት ሙጭልጭላ አይጡን ትቶ የወፍ እንቁላል ሲለቅም ኖሯል። ስለዚህ አዲሱን ተርብ በዝግ ክፍል ውስጥ ይዘው ሌላ ነፍሳት እንደማይነካ ሲያጣሩ ቆይተው፣ በኅዳር 2008 ለቀቁት። ዊሊዊሊው እንደገና ቅጠል አወጣ። ፈጽሞ ዳነ ማለት ግን አይደለም። አበባውና ዘሩ አሁንም ይጠቃል፤ ዘሩን ከውስጥ የሚቦረቡር ነቀዝም አለ። እሱም አፍሪካዊ ነው። ደረቁን መሬት ወርሮ እሳት የሚያዛምተው ሳር እንኳ ከአፍሪካ የሄደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ላሃይና ከተማን ያወደመው ቃጠሎ እንዲህ ባለ ሳር ውስጥ ነው የተስፋፋው። ይህን ሁሉ ስሰማ፣ ምንም ያላደረግሁ ሰው መሆኔን ረስቼ ይቅርታ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ደግሞ ካልሲው ትዝ አለኝ።

ዊሊዊሊ ከባሰባቸው አይደለም። ሞሎካይ በሚባለው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተገኘ፣ የጥጥ ዘመድ የሆነ፣ ትልልቅ ቀላ ያለ አበባ ያለው ኮኪያ የሚባል ዛፍ አለ። በ1918 የመጨረሻው ሞተ ተባለ። በ1970 አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ተገኘ። በ1978 እርሱንም እሳት በላው። ደግነቱ ከመቃጠሉ በፊት ቅርንጫፍ ተቆርጦለት ነበር፤ የአቮካዶ ገበሬዎቻችን እንደሚያደርጉት በሌላ ደሴት ዘመዱ ግንድ ላይ አጣበቁት። ዛሬ በሕይወት ያሉት በሰው ሥር ላይ የቆሙ የዚያ ቅርንጫፍ ልጆች ናቸው። እህቴ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆይታ «እንደ እኔ» አለች፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም።

ልንወጣ ስንል መሬት ላይ ቀይ ነገር አየሁ፤ ከተሰነጠቀ ቅርፊት የወደቀ የዊሊዊሊ ዘር። ከባቄላ ያንሳል፣ የተወለወለ ይመስላል። ለእናቴ ብወስድላትስ? ጎንበስ ብዬ አንስቼ ወደ ኪሴ ልከት ስል፣ «አጎቴ» አለች ልጅቱ። ድምጿ የአስተማሪ ነበር። «መልሰው።» መለስኩት።

ከሰዓት ማሰሮ ልንገዛ አልሄድንም። እህቴ ቋጠሮውን ፈትታ፣ እያንዳንዱን ዘር እንደ ወርቅ ቆጥራ ማለት ይቻላል፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሚጣል ነገር አይደለም፤ የሚዘራም አይደለም። ማታ እናታችን ጋ ደወልን፤ እኛ ጋ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሲሆን እነርሱ ጋ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነበር። እህቴ እየፈራች ነገሩን አስረዳቻት፦ ዛፉን፣ ተርቧን፣ ቅጹን። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ታዲያ ቁሉትና ከበርበሬው ጋር ውቀጡታ» አለች። «የተቆላ ዘር አይበቅል፣ የተቆላ ነቀዝ አይፈለፈል።»

እህቴ ሳቀች። ቀጥሎ እናቴ ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ ጠየቀች።

«ኮርች አየን አላችሁ?»

«አዎ እማዬ፤ እንደ አያቴ ግቢው።»

«እሱንማ አንተ ነህ ያስቆረጥከው፤ ለብሎኬቱ አጥር።»

እውነቷን ነው። አራት ዓመት ሆኖታል። ቅጠሉ ቱቦ ይደፍናል ብዬ ነበር። በሁለት መቶ ብር ነው ያስቆረጥኩት።

«ጉቶው አቆጥቁጧል» አለች። «ስትመጣ እንዳትነካው።»

ከኋላዬ እህቴ ምጣዱን ጥዳ ዘሩን መቁላት ጀምራ ነበር። የበሶብላው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ልጅቱ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ልትከፍት ሄደች፤ ከዚያ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳትከፍተው ተመልሳ ምጣዱ አጠገብ ቆመች። ነጩን ጨርቅ እህቴ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ወረቀቶቿን በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ከተተችው።