ሽቦው

ወልድያ ተያዘች የሚለው ወሬ ውርጌሳ የደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ ጭነት ሲያስር አጎቴ ቡሎን ይፈታ ነበር። ነሐሴ 2013። ሞተሩን ጓሮ አስገብቶ፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ፣ ቺያቤውን ይዞ ቁጭ ብሏል። እናቴ በአጥር አሻግራ አየችውና “ወንድሜ አብዷል” አለች።

አላበደም። ሞተሩ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ በ77ቱ ድርቅ ወደ ወሎ ከገቡት የእርዳታ ድርጅቶች አንዱ በኋላ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ የገዛው። ከመርሳ ብርቱካን አመላልሶበታል፤ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበትን ሰው ሁሉ ከኋላው አፈናጥጦበታል። ከቤቱ የሚዘረፍ ነገር ካለ ቀድሞ የሚሄደው እሱ እንደሆነ ያውቃል። ካንዴላ መንቀል ዋጋ የለውም፤ ሌላ ካንዴላ የያዘ ሰው ያስነሣዋል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ፈታ። የቀኝ ጎኑን ክዳን ከፍቶ ሸራና ላሜራውን አወጣ፤ ክዳኑን ከነጓርኒሲዮኑ መልሶ አጠበቀ፤ የካምቢዮ ዘይቱን ሞላ። ከውጭ ለሚያየው ምንም አልጎደለም። ሲረገጥ ይነሣል፣ ያጓራል፣ ማርሽም ይገባለታል፤ ስንዝር ግን አይንቀሳቀስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግሩት እነዚያ ስስ ክቦች ናቸው። ሸራው ጆሮው ወደ ውጭ ነው፤ አጎቴ “ድስቱ” በሚለው ጎኑ በተሰነጣጠቀ ብረት ውስጥ ይሰካል። ላሜራው ጥርሱ ወደ ውስጥ ነው፤ መሐል ያለውን “እምብርት” ይነክሳል። ሸራ፣ ላሜራ፣ ሸራ፣ ላሜራ እያለ ሄዶ በሸራ ያልቃል። በላዩ መጫኛው ሳህን፣ ከዚያ ሞላዎቹ። እጀታው ሲጨበጥ ቀጭን ዘንግ ሳህኑን ይገፋዋል፤ ንብርብሩ ይላላና ሞተሩ ለብቻው ይዞራል።

አጎቴ ክቦቹን እንደ አወጣጣቸው በሽቦ ላይ ሰካቸው። የሽቦውን ጫፍና ጫፍ ጠምዝዞ እንደ ሙልሙል ዳቦ አንጠልጥሎ ሰጠኝ።

“የእኔ ቤት ጋራዥ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። እናንተ ጎታ ውስጥ ማሽላው ሥር ቅበረው። ሽቦውን እንዳትነካ።”

ከእሱ ጋር አንድ ከረጢት አሮጌ ዕቃ አሸከመኝ። ሠላሳ ዓመት የቀየረውን ሁሉ ያልጣለ ሰው ነው።

ያን ሌሊት ልንወጣ ስንል የቢጫው ጀሪካን መያዣ እጄ ላይ ተሰበረ። ገመዱ ሁሉ አህያዋ ላይ አልቋል። እናቴ ትጣደፋለች፤ እኔ ጎታው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሽቦውን ፈታሁት። ክቦቹን ከረጢቱ ውስጥ ከአሮጌዎቹ ጋር ዘረገፍኳቸው፤ በሽቦው ለጀሪካኑ መያዣ ሠራሁለት።

አጎቴና ሚስቱ አልወጡም። እኛ ደሴ ገባን፤ ደሴ በጥቅምት ስትያዝ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን። ስለዚያ መንገድ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። ወልድያ በታኅሣሥ 2014 ተለቀቀች፤ እኛ ውርጌሳ የተመለስነው በጥር ነው። ጎታው ባዶ ነበር። ከረጢቱ ግን ግድግዳው ሥር ተጥሏል፤ አሮጌ ብረት ማን ይፈልጋል?

ሞተሩም አገዳ ለብሶ እንደቆመ ነው። የአጎቴ ሚስት እንደነገረችን አንድ ወጣት አግኝቶት አስነሥቶት ነበር። ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ የነዳጅ ታንኩን በጫማው መትቶት ሄደ። አጎቴ ያችን ጎድጓዳ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ “እሷን አላስተካክላትም” አለ።

ከዚያ ከረጢቱን ሰሌን ላይ ገለበጥነው። ሸራው ብቻ 15 ነው።

“ሽቦውስ?”

“ተበጠሰ፣ ጋሼ።”

ዝም አለ። ከሰሌኑ ላይ አንዱን ክብ አንሥቶ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

መጀመሪያ ወደ ሊብሬው ሄደ። ያማሃ በሻንሲውም በሞተሩም ቁጥር መነሻ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሦስት ምልክቶች ሞዴሉን ይናገራሉ። የእኛው የሻንሲው አንድ ይላል፣ የሞተሩ ሌላ፤ ከጨረታው በፊት ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ስለዚህ ታንኩ ላይ የተጻፈውን ስም አምኖ ዕቃ መምረጥ አይቻልም። ከረጢቱ ውስጥ ሦስት የላስቲክ ማሸጊያዎች ነበሩ። የዕቃ ቁጥራቸው ሲነበብ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ያመለክታሉ፤ ቀጥሎ ያሉት አምስቱ የዕቃውን ዓይነት። 16321 ሸራ ነው፤ 16351 መጫኛው ሳህን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከሞተራችን ጋር አልገጠሙም ተብሎ ግን ዕቃው አይጣልም፤ አንዱ ሞዴል የሌላውን ዕቃ ይዋሳል። እናም እያንዳንዱን ሸራ ድስቱ ውስጥ ከተትነው። አራቱ ጆሯቸው ሰፍቶ አልገባም። አንዱ ገባ፤ ግን እንደ ልቅ ጥርስ ተወዛወዘ።

ላሜራዎቹን በመስታወት ለየናቸው። ላሜራው ዝርግ መስታወት ላይ ይጋደማል፤ በሥሩ ብርሃን ካሾለከ ጠሟል፣ ይወገዳል። ሙቀት ሰማያዊ ያደረገው ላሜራም እንዲሁ። መስታወት ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም፤ በዚያ ሰሞን ውርጌሳ ውስጥ የወደቀ የመስኮት ስባሪ ሞልቶ ነበር።

አምስት ሸራ መረጥንና ገጠምን። ሸራዎቹን ዘይት አጠጣናቸው፤ ቡሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጠበቅናቸው፤ በእጀታው ጥቂት ልል ተውን። እናቴ ውሃ ይዛ መጣች፤ ታጠብን። ሜዳው ላይ በሚያምር ሁኔታ ሄደ። ወደ ውጫሌ ዳገቱን ስንጀምር ግን ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ። ያንሸራትታል። አጎቴ አጥፍቶት መንገድ ዳር ተቀመጠ።

ውጫሌ ምኒልክና ጣልያን በ1881 የተዋዋሉባት ናት፤ የአንቀጽ 17 አማርኛና ጣልያንኛ ተለያይቶ ያመጣው ጣጣ ይታወቃል። አጎቴ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር የሚላት አለች፦ “ውሉን አፈረስን፣ ቃላቱን አስቀረን።” ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ። ያን ቀን ግን አላላትም። እየገፋን ተመለስን።

ማታ አምስቱን ሸራ አነባብሮ ካልተጠቀምንባቸው አምስቱ ጎን አቆማቸው። በዚህ ዓይነት ሞተር አዲስ ሸራ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 0.3 ሲበላ በጥፍርህ አታውቀውም፤ አምስቱ ሲነባበሩ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ያ በዓይን ይታያል። የመረጥናቸው አጠሩ። ጠርገን ስናበቃ የሚያምሩት እነሱ ስለነበሩ ነው የመረጥናቸው፤ ለካ ያማሩት ተበልተው ስለለሰለሱ ነው። ንብርብሩ ሲያጥር መጫኛው ሳህን እምብርቱ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው፤ ሞላውም የሚጫነውን ያጣል። ሞላዎቹንም አቁሞ አስተያያቸው፤ ሁለቱ ከጓደኞቻቸው አንሰው ነበርና ከአሮጌዎቹ መሐል በቁመት የሚመጥኑ ተካላቸው።

“ስድስት ሸራ ብናደርግስ?” አልኩት፤ ውፍረቱ እንዲሞላ መሆኑ ነው።

“ሞክረው።”

ሞከርኩት። የሳህኑ ጥርስ እምብርቱን ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። አጎቴ አልሳቀም፤ ሚስቱ ግን ሳቀች።

በማግስቱ በወፍራሞቹ አምስት ገጠምነው። እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ የውጫሌን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው፤ እላዩ ላይ ደርሰን ሳናጠፋው ዞርን። ግቢ ስንገባ ጀምበር አዘቅዝቃለች። እናቴ ደጃፉ ላይ ጀሪካኗን አስቀምጣ ከአጎቴ ሚስት ጋር ታወጋለች።

አጎቴ ሳይወርድ “የተረፉትን ሸራዎች እንሰካቸው፤ ማሰሪያ አምጣ” አለኝ። ሲባጎ ይዤ መጣሁ።

“ሲባጎ አላልኩህም። ሽቦዬን ከጀሪካኑ ፍታና አምጣ።”