ስሙ የልጅቷ፣ ሊብሬው የሌላ ሰው

ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሜምፊስ ድረስ ሄዶ የዋናውን ኤልቪስ ቤት ሳያይ አይመለስም። እኔም አየሁ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ግሬስላንድ ግን ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ይዞ ያስቀረኝ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ የቆመው አውሮፕላን ነው።

ዓይነቱ ኮንቬር 880 ይባላል። ከቦይንግ ጋር ሊፎካከር ተሠርቶ፣ በጣም ፈጣን ቢሆንም ነዳጅ አልጠግብ ብሎ ገበያ ያጣ ነው፤ 65 ብቻ ተመርቶ ቆመ። ይሄኛው መጀመሪያ የዴልታ አየር መንገድ ነበር። ኤልቪስ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ250,000 ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት ለአንድ ቦይንግ 707 ቀብድ ከፍሎ ነበር። ያ አውሮፕላን ግን ከአሜሪካ ሕግ የሸሸው ባለሀብት የሮበርት ቬስኮ ስለነበር፣ ጣጣው እንዳይተርፈው ብሎ ተወው። ቀብዱ ቢያንገበግበውም ደግ አደረገ።

ለኮንቬሩ ዕድሳት ያወጣው ከግዥው ዋጋ ይበልጣል። ጎብኚ በጠባቡ መተላለፊያ እየተገፋፋ ነው የሚያልፈው፤ መቀመጫዎቹ እንደ እኛ ሳሎን ሶፋ ፕላስቲክ ለብሰዋል። የቀበቶዎቹ መቆለፊያ በወርቅ የተለበጠ ነው። መኝታ ክፍሉ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ትልቅ አልጋ፣ በላዩ ላይ የደኅንነት ቀበቶ ተጋድሞበታል። «ንጉሡ» የሚባለው ኤልቪስም ቢሆን ሲነሳና ሲያርፍ ይታሰራል! በዚህ አውሮፕላን በ1976 አንድ ሌሊት፣ ለውዝ ቅቤና ማርማላታ ተቀብቶ የአሳማ ሥጋ የተሞላ ዳቦ አማረኝ ብሎ ከሜምፊስ ዴንቨር በረረ። እዚያው ኤርፖርት በልቶ ተመለሰ።

ኤልቪስ በ1977 ሞተ። በማግስቱ ዓመት አውሮፕላኑ ተሸጠ። አፍንጫው አጠገብ የተጻፈው ግን አሁንም «ሊዛ ማሪ» ነው፤ የአንድ ልጁ ስም። የመለያ ቁጥሩም የሚያልቀው በኤልቪስ ስም መነሻ ፊደላት ነው። አሜሪካ ውስጥ የአውሮፕላን ሽያጭ ውል ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የፌዴራል መዝገብ ቤት ይገባል፤ ባለቤቱን የሚያውቀው ያ ወረቀት እንጂ ቀለሙ አይደለም።

በ1984 ወደ ግሬስላንድ ሲመጣም ባለቤቶቹ ሌሎች ነበሩ፤ ከመግቢያ ትኬቱ ድርሻቸውን እየወሰዱ ነበር ያቆሙት። ለሰላሳ ዓመት ያህል ሕዝቡ «የኤልቪስ ቤተሰብ አውሮፕላን» እያለ ገንዘብ ከፍሎ ገባ፣ ቤተሰቡ ግን ሊብሬው አልነበረውም። በ2014 የግሬስላንድ አስተዳደር የትኬት ድርሻ ውሉን አቋርጦ ባለቤቶቹን «አንሱልን» አላቸው። ኮንቬሩን፣ አጠገቡ ከቆመው የኤልቪስ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን፣ ከጄትስታሩ ጋር፣ አንድ አጫራች ድርጅት ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ገምቶ ለጨረታ አወጣ። በእኔ ግምት ዋጋው ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ቦታ ነበር፤ ከዚያ አስፋልት ዳር ቢነሳ ማን ይህን ያህል ይከፍልበታል? የግሬስላንድ ሰዎችም ይህን ያውቁት ነበር መሰለኝ። በ2015 አውሮፕላኖቹ እዚያው መቅረታቸውን ያስታወቀችው ራሷ ሊዛ ማሪ ናት።

ቦታ ያላገኘው ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ የሌላኛውን ጄትስታር ታሪክ ይጠይቅ። እሱም የኤልቪስ ነበር፤ ከእጁ ከወጣ በኋላ ተሸጦ ተሸጦ ኒው ሜክሲኮ፣ ሮዝዌል ኤርፖርት ዳር ለአሥርታት ፀሐይ ሲመታው ኖረ። ሞተሮቹ ወልቀው፣ ውስጡ ያለው ቀዩ መቀመጫ ግን እንዳለ ሆኖ በጥር 2023 ለጨረታ ቀረበ። 260,000 ዶላር አወጣ። ዶላሩ የዚያን ዘመን ዶላር ባይሆንም፣ ኤልቪስ ለኮንቬሩ ከከፈለው በ10,000 ይበልጣል። ገዢው ክንፉን አንስቶ፣ ጎማ ገጥሞለት፣ በአስፋልት የሚነዳ የሽርሽር መኪና አደረገው።