ያልበረረ ቅጂ ሥራው አላለቀም

ከገበያ ከወጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋቸውን የሞዴል ሮኬት ኪቶች ከድሮ ንድፋቸው ላይ እየለኩ፣ ባልሳ እንጨት እየቆረጡና የካርቶን ቱቦ እያጣበቁ እንደገና የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ሥራቸው ያምራል። ቀለሙ ከድሮው ካታሎግ ሥዕል ጋር አንድ ይሆናል፣ ምልክቶቹም በየቦታቸው ይለጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሮኬቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣና እዚያው ይቀራል፤ ይሰበርብኛል በሚል ስስት አይተኮስም። ስስቱ ይገባኛል፤ የብዙ ቀን የእጅ ሥራ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ቅጂ ተጠናቀቀ ሊባል አይገባም እላለሁ። የጠፋው መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፉ ይበቃን ነበር። ኪቱ ከገበያ ሲወጣ አብሮ የሚጠፋው አሠራሩ ነው፤ የአሠራር ምስክሩ ደግሞ በረራ ነው።

ኪቶቹ ከየት እንደመጡ ማስታወስ ለክርክሬ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ በርካታ የአሜሪካ ወጣቶች በየጓሮው ሮኬት መሥራት ያዙ። የብረት ቱቦ ውስጥ በእጃቸው የቀላቀሉትን ኬሚካል ይጠቀጥቁ ነበር። በዚህ የተነሳ የቆሰሉም የሞቱም ነበሩ። በኔብራስካ ግዛት በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ግን ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ሆኖ ገና በ1954 መፍትሔውን አግኝቶ ነበር፤ አካሉ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ አስቀድሞ ባሩድ በተሞላና ከተኩሱ በኋላ በሚቀየር ሞተር የሚነሳ፣ በፓራሹት የሚመለስ ትንሽ ሮኬት። የጠፈር ዘመን አንድ ትልቅ የደኅንነት ሐሳብ ከጫማ ሻጭ መምጣቱ ሊዘነጋ የማይገባው ታሪክ ነው። በኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን ሐሳቡን ወደ ንግድ አሻገረው። ቀጥሎ በዴንቨር፣ ቨርን ኤስቲስ ባሩዱን በየ5.5 ሴኮንዱ ጠቅጥቆ አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠራ፤ በ1961 ድርጅቱን እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ወደምትገኘው ፔንሮዝ ወሰደ። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪት ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ የተፈተነ መልስ ነው፦ ይህ ነገር ወደ ሰማይ ወጥቶ ማንንም ሳይጎዳ እንዴት ይመለሳል?

ለዚህ ከአስትሮን ስካውት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የኤስቲስ ድርጅት የመጀመሪያ ኪት ነው፤ በካታሎጉ ላይ ኬ-1 ይባላል። ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም፦ አጭር ቱቦ፣ ሾጣጣ የባልሳ አፍንጫ፣ የባልሳ ክንፎች። ፓራሹት እንኳ የለውም። ምስጢሩ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ሞዴል ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚበረው የክብደቱ ማዕከል ከአየር ግፊቱ ማዕከል ይልቅ ወደ አፍንጫው ቀርቦ ሲገኝ ነው፤ በተለምዶ በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦው ውፍረት ያህል ርቀት እንዲኖር ይመከራል። ስካውት ወደ ላይ ሲወጣ ይህን ሕግ ያከብራል። ነዳጁ አልቆ የመጨረሻዋ ትንሽ የባሩድ ፍንዳታ ስትመጣ ግን ባዶው ሞተር ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወድቆ አይቀርም፣ ከጅራቱ ወጣ ብሎ ይያዛል። ያኔ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሮኬቱ ሚዛኑን ይስታል፣ እየተገለባበጠም ይወርዳል። የሚገለባበጥ ቀላል ነገር አየር ስለሚያዘገየው ሜዳው ላይ ሳይሰበር ያርፋል። ሚዛን መሳትን ሆን ብሎ የማረፊያ ዘዴ ማድረግ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ጨርቅ፣ ያለ ገመድ።

አሁን ይህን ኪት አንድ ሰው ቀድቶ ሠራ እንበል። ሞተሩን ትንሽ አጥብቆ ቢያስገባው በመልክ ከዋናው አይለይም። ሰማይ ላይ ግን ሞተሩ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፤ ሮኬቱ አፍንጫውን አስቀድሞ እንደ ጦር ይወርዳል። መያዣውን አላልቶ ከሠራው ደግሞ ሞተሩ ተስፈንጥሮ ይወጣና ለብቻው ይወድቃል። ጅራቱ አካባቢ ሙጫና ቀለም ከደራረበ የክብደቱ ማዕከል ገና ሲነሳ ወደ ኋላ ይሄድበታል፤ መገለባበጡ ወደ ላይ ሲወጣ ይጀምራል ማለት ነው። በመጥበቅና በመላላት መካከል ያለው ልክ ምን ያህል እንደሆነ ንድፉ ላይ በሚሊሜትር ተጽፎ አይገኝም። ጣት ነው የሚያውቀው፤ ጣትም የሚማረው ተተኩሶ የወረደውን ሮኬት አንስቶ ሲመረምር ነው።

የድሮ ሰነድ ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል ሌላም ማስረጃ አለ። የሞተር መለያ ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱን፣ የመጀመሪያው ቁጥር አማካይ ግፊቱን፣ የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹት የምታስወጣዋ ፍንዳታ እስክትመጣ ያለውን ሴኮንድ ይናገራል። ሲ6-5 ሲባል አማካይ ግፊቱ 6 ኒውተን፣ መዘግየቱ 5 ሴኮንድ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በታተሙ ንድፎች ላይ ግን ግፊቱ የሚሰፈረው በፓውንድ ነበር። ስለዚህ በድሮ ወረቀት ላይ ቢ3 የተባለው ሞተር 13 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ካለው ቢ6 ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ አዲሱ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ለከባድ ሮኬት ደካማ ሞተር ይመርጣል፤ ሮኬቱም ከማስወንጨፊያው ዘንግ በቂ ፍጥነት ሳይዝ ይወጣና ይንጋደዳል። ቢ3ን የተካው ቢ14 ራሱ መመረት ካቆመ ቆይቷል። እንግዲህ የድሮውን ኪት ዛሬ ማብረር ማለት አዲስ የሞተር ስሌት መሥራት ማለት ነው፤ ስሌቱ ልክ መሆኑን የሚነግረን ደግሞ ተኩሱ ነው።

ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይነግረን የለ ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጠንካራ ተቃውሞ ነው። በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ይሠራ የነበረው ጄምስ ባሮማን በ1966 የአየር ግፊት ማዕከልን በወረቀትና በእርሳስ ማስላት የሚያስችል ቀመር ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች አቀረበ። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ኦፕንሮኬት የተባለው ፕሮግራም በ2009 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ የማስተርስ ጥናት የተወለደ ሲሆን ማንም ሰው ሊሠራበት ይችላል። ቅጂ ሠሪ ሁሉ ሊጠቀምበት ይገባል፤ ከመተኮስ በፊት አደገኛውን ንድፍ ይለያል። ነገር ግን የባሮማን ቀመር የተመሠረተው ሮኬቱ ከሚሄድበት አቅጣጫ በትንሽ አንግል ብቻ ዞሮ እንደሚበር በመገመት ላይ ነው። እየተገለባበጠ ለሚወርደው ስካውት ያ ግምት አይሠራም። ፕሮግራሙም ቢሆን የሚያሰላው የተነገረውን ነው፤ ሞተሩ ቱቦው ውስጥ ምን ያህል እንደጠበቀ ሠሪው ካላወቀው ፕሮግራሙ ከየት ያውቀዋል?

ሌሎች ደግሞ ቅርስን ማብረር ቅርስን ማጥፋት ነው ይላሉ። ስለ ዋናው ኪት ከሆነ እስማማለሁ። ሳጥኑ ያልተከፈተ የ1960ዎቹ ኪት መቼም መተኮስ የለበትም፤ ከካርላይል የመጀመሪያ ሮኬቶች አንዱ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም መቀመጡ ተገቢ ነው። ቅጂ የሚሠራው ግን ዋናው እንዳይነካ፣ አሠራሩም እንዳይረሳ ነው። ከአሮጌ ብራና የተገለበጠ ድጓ ምልክቱ መስተካከሉ የሚለየው ሊቃውንት ፊት ሲዜም ነው፤ ተዘግቶ በሣጥን ቢቀመጥ የገልባጩን ስሕተት ማን ያርመዋል? በአዲስ ሙጫና በአዲስ ቱቦ የተሠራውን ሐሰተኛ የሚሉትም አሉ። ሐሰት የሚሆነው ለውጡ ሲደበቅ ነው። የተለወጠው ሁሉ በግልጽ ከተጻፈ፣ ቅጂው ከዋናው ያልተናነሰ ሐቀኛ ሥራ ነው። የባለቤትነት ጥያቄም መናቅ የለበትም። ለራስ አንድ ሮኬት መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የኩባንያን ስምና ሥዕል ለጥፎ መሸጥ ሌላ። ድርጅቶቹ ራሳቸው አንዳንድ የቀድሞ ኪቶችን መልሰው ያወጣሉ፤ እንደዚያ ሲሆን ከነሱ መግዛት ይሻላል።

አደጋውን በተመለከተ ያለኝ አቋም የማያወላዳ ነው። ሞተር ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ይህ የሞዴል ሮኬት ታሪክ በሙሉ የቆመበት መሠረት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶች ባሩድ ለመቀላቀል አትሞክሩ፤ ኦፕንሮኬትን አውርዳችሁ ስካውትን ብትነድፉ፣ ከካርቶን ሠርታችሁ የክብደት ማዕከሉ ላይ በክር አስራችሁ ብታሽከረክሩት፣ አፍንጫው ቀድሞ መዞር አለመዞሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህ ከበረራ በፊት የሚደረግ የታወቀ ፍተሻ ነው፤ እሳትም አይጠይቅም። በዴንቨርና በኦሮራ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ዕድሉ ደጃችሁ ላይ ነው። ኤስቲስ ድርጅቱን የወሰደባት ፔንሮዝ ከዴንቨር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ግሪንቤልት ያለው የጎዳርድ የጎብኚዎች ማዕከል ለረጅም ዓመታት በወሩ የመጀመሪያ እሁድ የሞዴል ሮኬት ተኩስ ሲያስተናግድ ቆይቷል፤ መርሐ ግብሩን ጠይቁና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መደርደሪያ ላይ ቅጂ ላስቀመጣችሁ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ መዝኑት፣ የክብደት ማዕከሉን ምልክት አድርጉበት፣ ነፋስ ባልበዛበት ቀን ክለብ ባለበት ሜዳ ላይ ተኩሱት። ከንድፉ የለወጣችሁትን፣ የተጠቀማችሁበትን ሞተርና ያያችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ለሌላው አካፍሉ። ክንፉ ቢሰበር በሙጫ ይጠገናል፤ ስብራቱንም ጻፉት።