የሻኪሶ ውሃ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ለእኅቴ ሠርግ የጆሮ ጌጥ ልገዛ ዲራ ወዳለው የወርቅ ገበያ ሄጄ ነበር። ሻጩ አገሬን ጠየቀኝ። ሐበሻ መሆኔን ስነግረው፣ «ወርቅ አገራችሁ እያለ እዚህ ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ሳቀ። ዋጋውን ግን አልቀነሰልኝም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙዎቻችን ወርቅ ሲነሣ አዶላን እንጠራለን እንጂ አገሩን አናውቀውም። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን የለበሰ፣ ቤት ከቤት የተራራቀበት፣ የጉጂ ከብት አርቢ ምድር ነው። አዶላ በንጉሡ ዘመን ክብረ መንግሥት ተባለች፤ ክብሩ የመንግሥት፣ ቁፋሮው ግን የእስረኛና የቀን ሠራተኛ ነበር። እኛም ልጆች ሳለን ወንዝ ዳር በእንጨት ገበታ አሸዋ የሚያጥቡትን እያየን አደግን።

ከሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገደንቢ ግን የገበታ ሥራ አይደለም። ድንጋዩ ይፈጫል፤ ወርቁም በሳያናይድ ይሟሟል። ማዕድኑን ሚድሮክ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት በ172 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ባለቤቱ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ኢትዮጵያ የተወለዱ የሳዑዲ ዜጋ ስለሆኑ፣ ይህች ከተማና ሻኪሶ ካርታው ከሚያሳየው ይልቅ ይቀራረባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ ለ10 ዓመት ሲታደስ ሕዝቡ ተነሣ። ለፅንስ መጨንገፍና አካላቸው ጎድሎ ለሚወለዱ ሕፃናት ምክንያቱ ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ነው አለ። ፈቃዱ ታገደ፤ በ2021 ሥራው ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ነዋሪው ለዓመታት ለብክለት ተጋልጧል ሲል ጻፈ።

ይህን ያስታወሰኝ የመርዝ ትምህርት ነው። ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ አልፎ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። አርሴኒክ ከውሃ ጋር ለዓመታት ሲጠጣ ቆዳን ያበላሻል፤ ካንሰርም ያመጣል። መምህራችን «በሽተኛውን ሥራውን ጠይቁ፤ የሚጠጣውንም ጠይቁ» ይሉናል። በሕክምና ዓይን የአንዲትን እናት ሐዘን ከአንድ ወንዝ ጋር ለማያያዝ ውሃው፣ ደሙና ሽንቱ መመርመር፣ የወሊድ መዝገቡም ዓመት ከዓመት መተያየት አለበት። ምርመራው ሲደረግ ደግሞ ውጤቱ መጀመሪያ መነገር ያለበት ለዚያች እናት ይመስለኛል፤ ፋይል ውስጥ ለሚያስቀምጠው ሹም አይደለም።

የዚያን ዕለት ከሻኪሶ ወጣ ብላ ለምትኖር አክስቴ ደወልሁ። የምትጠጪው ከየት ነው፣ ቀለሙስ፣ ሽታውስ እያልሁ እንደ ሐኪም ደረደርሁባት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ሌላ ወንዝ ብትልክልኝ እኮ ከዚያ እቀዳ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ስለ ሠርጉ አወራን።